ሃያ ዓመት የቀራ ሰው «ያልተማረ» አይባልም

ሰሞኑን ስለ ትምህርት በተዘጋጀ አንድ ውይይት ላይ አንድ ምሁር የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ደረሳ ቤቶቻችን፣ የእስልምና ተማሪው ደረሳ ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) የሚቀራባቸው፣ ማለትም የሚማርባቸው ቤቶች፣ ባህልና ሃይማኖት የተደበላለቁባቸው የሽምደዳ ቦታዎች ናቸው አሉ። ዘመናዊ ትምህርት ባይደርስለት ኖሮ የአገራችን ሙስሊም ሳይማር ይቀር ነበር ሲሉም ጨመሩ። ሰውም አጨበጨበላቸው። ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ሽምደዳ! ይህን የሚል ሰው አንድ ቀን እንኳ ከደረሳ ጋር ቁጭ ብሎ አያውቅም። ልጅ ቁርኣንን በቃሉ ይይዛል፤ እውነት ነው። ያ ግን በሩ ነው። ከበሩ ወዲያ የሃይማኖቱ ሕግ ፊቅህ አለ፣ የዐረብኛ ሰዋስው ነህው አለ፣ የቃላት እርባታው ሶርፍ አለ። ነህው የሚቀራ ደረሳ ሼሁ ፊት ተቀምጦ የእያንዳንዷ ቃል መጨረሻ ለምን እንዲህ ሆነ እየተባለ ይፋጠጣል። አልፊያ የሚባለው የነህው ግጥም ሺህ ያህል ስንኝ ነው። ስንኙን መያዝ ቀላሉ ሥራ ነው። ዓመታት የሚፈጀው መፍታቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። አንድ ሰው ሞተ እንበል። ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ እናትና አባት አሉት። በቁርኣኑ ድልድል ሚስት 1/8 ታገኛለች። ሁለቱ ልጆች በጋራ 2/3 አላቸው። እናት 1/6፣ አባት 1/6። አሁን ደምሩት። ሀብቱን 24 ቦታ ብንከፍለው የሚስት 3፣ የልጆቹ 16፣ የእናት 4፣ የአባት 4 ይሆናል። ድምሩ 27 መጣ! ያለው 24፣ የሚፈለገው 27። ከማን ይቀነስ? ዑለማዎቹ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ከአንዱ ቆርጠው ለሌላው አይሰጡም። ሀብቱን 27 ቦታ ይከፍሉትና ሁሉም እንደየድርሻው ትንሽ ትንሽ ይቀንስበታል። የሚስትየዋ ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነ ማለት ነው። ዐውል ይባላል። የነቢዩ አማች ኢማም ዓሊ ሚንበር (የመስጊድ መስበኪያ) ላይ እንዳሉ ተጠይቀው እዚያው መለሱት ስለሚባል ጉዳዩ ሚንበሪያ የሚል ስም ወጥቶለታል።

ይህን የሚሠራው ደረሳ ካልኩሌተር የለውም። ቤት የገባ እንደሆነ ኩራዝ ነው የሚጠብቀው። እስቲ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጃችሁን ይህንኑ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ሽምደዳው የት እንዳለ እንነጋገራለን።

ያ ሒሳብ ከውርስ አያልፍም፣ ሳይንስ አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካይሮ ላይ ተደርጓል። ከኢስታንቡል አሕመድ ፓሻ የሚባል አዲስ ገዥ ተሹሞ መጣ። ሒሳብና የሰማይ ጥናት የሚወድ ሰው ነበር። የካይሮው ታላቅ የእስልምና ትምህርት ቤት የአዝሀር አለቃ የነበሩትን ሼህ ዐብደላህ አል-ሹብራዊን በጥያቄ ያዛቸው። ግብጽ የዕውቀት ምንጭ ናት ሲባል ሰምቼ ነበር፣ መጥቼ ሳየው ግን ከእናንተ ዘንድ ሒሳብ የሚያውቅ አጣሁ አላቸው። ሼሁም አብዛኞቻችን ከሒሳብ የምናውቀው ለውርስ የሚያስፈልገውን ነው አሉ። ፓሻው አልለቀቃቸውም። የሶላት ሰዓትስ? የሶላት አቅጣጫው ቂብላስ? ጾምስ? እነዚህ ሁሉ ስሌት አይፈልጉም ወይ?

እዚህ ላይ ሼሁ የመለሱትን ልብ በሉ። ይህ ዕውቀት ፈርዱል ኪፋያ ነው አሉ። ማለትም በማኅበረሰቡ ላይ ያለ ግዴታ ነው፤ አንዳንዶች ከሠሩት ለሌላው ይወርድለታል። ከዚያም ዕውቀቱ መሣሪያና ልዩ ችሎታ እንደሚፈልግ፣ የአዝሀር ተማሪ ደግሞ አብዛኛው ከየገጠሩ የመጣ ድሃ መሆኑን ነገሩት። ሃይማኖታችን ይከለክለናል አላሉም። የአባቶቻችን ልማድ አይፈቅድም አላሉም። ድህነት ነው አሉ። መሣሪያ የለም አሉ።

ታዲያ እነዚያ አንዳንዶች የት አሉ ሲላቸው ወደ አንድ ሰው መሩት። ሐሰን አል-ጀበርቲ ይባላል። የአዝሀር ዓሊም፣ ማለትም ሊቅ፣ ነው። ሐነፊ የሚባለውን የፊቅህ መንገድ ያስተምራል፤ ጂኦሜትሪና የሰማይ ስሌትም ያስተምራል። የፀሐይ ሰዓት አሠራርም የሚያውቅ ሰው ነው። ጂኦሜትሪ ሊማሩ አውሮፓውያን ሳይቀሩ ወደ እሱ ይመጡ እንደነበር ልጁ፣ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ፣ መዝግቦታል። ጀበርቲ የሚለውን ስም ደግሞ ልብ ይሏል። ዘራቸው ከሐበሻ ምድር፣ ከጀበርት ነው። በአዝሀር የጀበርት ተማሪዎች የሚያድሩበት ሪዋቅ ነበር፤ አለቅነቱም ከዚህ ቤተሰብ አይወጣም ነበር። ሙስሊሙ ሳይማር ይቀር ነበር ላሉን ምሁር የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ከእኛ ወገን የሄደ ቤተሰብ በዚያ ዘመን አውሮፓዊን ጂኦሜትሪ ያስተምር ነበር።

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን አምጡት። የእኛ ደረሳ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወሎን ያቋርጣል። አንዱ ሼህ ዘንድ ፊቅህ፣ ሌላው ዘንድ ነህው እያለ ይዞራል። የሼሁን ማሳ ያርሳል። ማኅበረሰቡ በሚሰጠው እህል ያድራል። በጀት የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም። ከዚያ አንድ ሰው ይነሳና ፊዚክስ ለምን አላወቅህም ይለዋል! ማን አስተማረው? ማን መሣሪያ ሰጠው? ደረሳ ቤት ፊዚክስ እንደማይሰጥ አልክድም። የሚያሳፍረው ግን ደረሳውን ሳይሆን ሳይረዳው የሚተቸውን ነው።

ባህል ተደባልቆበታል ላሉት፣ አዎ ተደባልቆበታል። ደግም አደረገ። የፊቅህ ሰዎች «አል-ዓደቱ ሙሐከማ» ይላሉ፤ ከሸሪዓ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ልማድ ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። ከአምስቱ ታላላቅ የፊቅህ መርሖች አንዱ ነው። ታላቁ የፊቅህ ሊቅ ኢማም ሻፊዒ ከባግዳድ ግብጽ ገብተው ብዙ የቀድሞ ፍርዶቻቸውን ከልሰዋል። የወሎው ዓሊም ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር መንዙማቸውን (የውዳሴ ግጥማቸውን) በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፉት ባህል ስላሳታቸው አይደለም። ኪታብ የማታነብ እናት እንድትሰማው ብለው ነው። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን እነማን ተረጎሙት? ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅንና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብን የመሳሰሉ ዑለማዎች ናቸው። ያን ሥራ በሽምደዳ የሚወጣው ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ደረሳ ቤቱ ይዘጋ፣ ልጆቹ ወደ መደበኛው ይግቡ የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበልም። የሒሳብና የሳይንስ መምህሩ እዚያው ይሂድ። ዓሊሙ የቀራው ዐረብኛና ፊቅህ በፈተና ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠው። ፈተናውን ያልፋሉ፤ በዚህ ቅንጣት አልጠራጠርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ሽማግሌ ሼህ ኋላ ተሰልፌ ነበር። ፎርም የሚሞላው ወጣት «አባባ፣ የትምህርት ደረጃ?» አላቸው። «ቀርቻለሁ ልጄ» አሉት። ወጣቱ ከትምህርት ቀርቻለሁ ያሉት መሰለው። «ስንተኛ ክፍል ላይ?» አላቸው። «የለም፣ ኪታብ ነው። ሃያ ዓመት።» ልጁ ትንሽ አሰበና «ያልተማረ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሼሁ አዩት፤ ምንም አልተናገሩም። እዚህ ጋ ይፈርሙ ሲላቸው አውራ ጣታቸውን ሊያስነካ የቀለሙን ሳጥን ወደ እሳቸው ገፋ። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አነሱ። ስማቸውን መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ ጻፉ።