ማኅተም ማንበብ ጎራዴ ማወቅ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የአውሮፓ አጫራች የአውራሪስ ቀንድ እጀታ፣ ቀይ የቆዳ ሰገባና በስለቱ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለውን ጎራዴ «የጀርመን ሥራ፣ እጀታው አፍሪካ ውስጥ የተለወጠ» ብሎ ለሽያጭ አቀረበ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የእኛው ሰዎች በስለቱ ላይ ያለውን የሠሪውን ማኅተም አይተው «ዞሊንገን ይላል እኮ፣ ምን ይደረግ!» እያሉ መቀበላቸው ነው።

ዞሊንገን ቢል ምን ይሁን? ይህች የጀርመን ከተማ ለግማሽ ዓለም ስለት ስትሸጥ የኖረች ናት። በምኒልክ ዘመን ስለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እጀታውንና ሰገባውን የሚያበጀው የሀገሬው ባለሙያ ነው። የሚታጠቀውም ሰው እንደ ፈረንጅ በግራ ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ይታጠቀዋል። ማኅተሙ የሚነግረን ብረቱ የተሠራበትን ቦታ ነው፣ ያውም እውነተኛ ከሆነ። በስለት ላይ የሚቀረጸውን የሚሮጠውን ተኩላ አስቡት፦ መጀመሪያ የሌላዋ የጀርመን ከተማ የፓሳው ምልክት ነበር፣ ዞሊንገኖች ወሰዱት፣ የካውካሰስ አንጥረኞች ደግሞ ከእነሱ ቀዱት።

«የተለወጠ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም ያናድዳል፤ ለማረጋገጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዞ ስለቱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ትከሻ ማየት ነው። የፈረንጅ የእጅ መከለያ ተነቅሎ ከሆነ የሞረድ ጭረት ወይም የመከለያውን ቅርጽ የተከተለ የዝገት ልዩነት ይታያል። ከዚያ እጀታውን አዙሮ የብረቱ ጭራ (በእጀታው ውስጥ የሚያልፈው የስለቱ ክፍል) ጫፉ ላይ እንዴት እንደተቀጠቀጠ መመርመር ነው፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ጭራ ጠርዙ ይሰነጠቃል ወይም ያጥራል። ይህ ሁሉ ከሌለ ምኑ ነው የተለወጠው? ስለቱ ከፋብሪካ ሲወጣ እጀታ አልነበረውም፤ ይኸኛው የመጀመሪያ እጀታው ነው!

ቀንዱንም መነጽሩ ይለየዋል። የአውራሪስ ቀንድ በጎኑ እንደ ፀጉር የተደረደረ ክር፣ በተቆረጠበት ጫፍ ደግሞ ነጠብጣብ ያሳያል፤ የበሬ ቀንድ ንብርብር ነው። ቀንዱን ለመፈተን የጋለ መርፌ የሚወጉበት ሰዎች ቅርስ እያበላሹ መሆኑን ይወቁ።

ጽሑፉ በኋላ የተጨመረ ነው የሚል ካለ ዝገቱን ይመልከት። ዝገቱ የበላው ጉድጓድ ፊደሉን አቋርጦ ካለፈ ፊደሉ ይቀድማል። ፊደሉ ጉድጓዱን ቆርጦ ውስጡ ካበራ ግን የትናንት ሥራ ነው። «ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ» የሚል ስለት ከ1882 ዓ.ም. ንግሥ ወዲህ ነው። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» ካለበትም የእንግሊዝ ሕግ የውጭ ዕቃ የትውልድ አገሩ እንዲጻፍበት ካስገደደበት ከ1887 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር አልክድም፦ በስለቱ ጀርባ ላይ የፈረንሳዩ የሻተልሮ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና ዓመት በተያያዘ ፊደል የተጻፈበት የፈረንሳይ ወታደር ጎራዴ እጀታው በእርግጥ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይኸኛው ግን እሱ አይደለም። መግለጫው ታርሞ እንዲህ ይጻፍ፦ ስለት ዞሊንገን፤ እጀታ፣ ሰገባና ጎራዴው ራሱ ኢትዮጵያ።