ማስተካከያ፦ ስቲቨን ፎስተር ስዋኒ ወንዝ ዳር አላደገም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ ጽሑፍ አለ። አሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ስቲቨን ፎስተር ፍሎሪዳ ውስጥ ስዋኒ ወንዝ ዳር እንዳደገ፣ ስዋኒን የሚያነሳውን «ኦልድ ፎክስ አት ሆም» የተባለ ዘፈኑንም ከልጅነት ትዝታው እንደጻፈው ይላል። ስህተት ነው።

ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1826 የተወለደው በሰሜን፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ፒትስበርግ አጠገብ ነው። ስዋኒን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዘፈኑን በራሱ እጅ የጻፈበት የረቂቅ ደብተር ተቀምጧል። እዚያ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «ፒዲ» የሚባል ሌላ ወንዝ ነው፤ እሱን ሰርዞ ነው ስዋኒን የተካው። በመርከብ እስከ ኒው ኦርሊንስ የወረደውም በ1852፣ ዘፈኑ ከታተመ በኋላ ነው።

ጽሑፉ የዘፈኑ ደራሲ ኢ. ፒ. ክሪስቲ የተባለው የመድረክ ዘፋኞች ቡድን መሪ ነው የሚሉ ሰዎችንም ይጠቅሳል። የዚህ ምንጩ ይታወቃል። በ1851 የወጣው የመጀመሪያ ኅትመት ሽፋን ላይ የክሪስቲ ስም ነበር፤ ፎስተር በገንዘብ ተስማምቶ ነው የለቀቀለት። በ1852 ግን ስሙ እንዲመለስለት ለክሪስቲ ደብዳቤ ጻፈ። ያሳዝናል፣ በሕይወት እያለ አልተሳካለትም። በ1864 በ37 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሞት ኪሱ ውስጥ የተገኘው 38 ሳንቲም ነበር።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። አንዳንዶች ዘፈኑን የባሪያዎችን ኑሮ በቅርብ ያየ ሰው ምስክርነት አድርገው እየጠቀሱት ነው። ዘፈኑ የተጻፈው ግን ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ለሚጫወቱበት መድረክ ነው። ጽሑፉን ያጋራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አብራችሁ አያይዙት።