ለ"ከጀርባው ሌላ ነገር አለ" ሊቃውንት ምስጋና ይድረስ

እኛ ተራ ሰዎች ዜና እንሰማና እናምናለን። የዋሆች ነን። "ከጀርባው ሌላ ነገር አለ" የሚሉት ሊቃውንት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸወዱም። እነሱ ባይኖሩ የበረዶ ሆኪን ማን ያስረዳን ነበር?

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2016 በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) የሚጫወተው የካናዳው ክለብ ሞንትሪያል ካናዲየንስ ፒ.ኬ. ሱባንን ለናሽቪል ፕሬዳተርስ ሰጥቶ ሼይ ዌበርን ወሰደ። ተከላካይ በተከላካይ፣ አንድ ለአንድ። ሱባን 27 ዓመቱ ነበር፣ ዌበር 30። የዌበር ውል ደግሞ እስከ 2026 የሚዘልቅ ነበር። ሱባን በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸልሟል። ከዝውውሩ በፊት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለሞንትሪያል ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ይሸኛል እንዴ?

ሊቃውንቱ አላመነቱም። "ኮፍያው በዛ፣ ሱፉ ደመቀ፣ የቡድን ጓደኞቹ ዓይናቸው ቀላ" አሉ። ማስረጃ? ሞልቷል! የሞንትሪያል አሰልጣኝ ሚሼል ቴሪየን በ2013 ሱባንና በረኛው ኬሪ ፕራይስ ካሸነፉ በኋላ ዝቅ ብለው ሦስቴ እጅ ለእጅ የሚማቱበትን ደስታ ከልክሎ ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ኮሎራዶ ላይ ሲሸነፉ ጥፋቱን በአደባባይ ሱባን ላይ አላከከ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እርግጥ ነው፣ መልበሻ ክፍሉን በዓይናቸው አላዩትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት መግባት ያደናግራል። ከውጭ ሆኖ ማየት ይሻላል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ የበለጠ ይታያል።

(ሱባን ጥቁር ነውና የቆዳው ቀለም ነው ወይ ብለው የጠየቁም ነበሩ። እሱ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ቀልድ ውስጥ አልከተውም።)

አሁን አሰልቺው ነገር ይምጣ። በሱባን ውል ውስጥ ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። ሥራ ላይ የሚውለው ጁላይ 1 ነበር። ዝውውሩ የተፈጸመው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከክለቡ የደመወዝ ጣሪያ (ሊጉ ክለቡ ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል ከሚፈቅደው ከፍተኛ ድምር) ላይ ሱባን በዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ይይዝ ነበር፣ ዌበር ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በታች። ይህን ማንም ያነበዋል። ችግሩም እሱ ነው፦ ማንም የሚያነበው ነገር ምኑ ምስጢር ይሆናል?

በርግጥ አንቀጹ "ለምን ዛሬ?" የሚለውን እንጂ "ለምን እሱን?" የሚለውን አይመልስም። ክፍተቷን የሚሞሉልን እነሱ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ደግሞ አይሳሳቱም። በ2017 ናሽቪል ሱባንን ይዞ ለሊጉ ዋንጫ፣ ለስታንሊ ካፕ፣ ፍጻሜ ደረሰ። "አላልንም?" አሉ። በፒትስበርግ ተሸነፈ። "አላልንም?" አሉ። በ2021 ሞንትሪያል በአምበሉ በዌበር እየተመራ ለፍጻሜ ደረሰ፣ በታምፓ ቤይ ተሸነፈ። ሁለቱንም ጊዜ ብለዋል። በዚህ ዓይነት መተንበይ ማን ይችላል?

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። ዌበር ከዚያ ፍጻሜ በኋላ በጉዳት ምክንያት ዳግም አልተጫወተም። ውሉ ግን መዞሩን ቀጠለ። በ2022 ወደ ቬጋስ፣ በ2023 ወደ አሪዞና! ቬጋስ የተጎዳ ተጫዋችን በሚመለከተው ደንብ ከደመወዝ ጣሪያው በላይ የመክፈያ ቦታ ሊያገኝበት፣ አሪዞና ሊጉ እያንዳንዱን ክለብ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ የደመወዝ ድምር ወረቀት ላይ ሊሞላበት። በረዶ ላይ የማይወጣ ሰው ሁለት ክለብ ቀየረ፤ ከዚህ የበለጠ ጉድ ከየት ይመጣል? ሊቃውንቱን ግን ብዙም አላጓጓቸውም። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯላ። ሰውዬውም ስለ ኮፍያው የሚወራለት ዓይነት አይደለም።