ጨዋታው ሲያልቅ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው

ስለ ባርንጋ የካርታ ጨዋታ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ደሴ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን አጫውቻቸዋለሁ። ለማያውቁት፦ በ1980 እ.ኤ.አ. ላይቤሪያ ውስጥ የተፈጠረ፣ የባህል ልዩነት የሚያመጣውን አለመግባባት የሚያሳይ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ትንሽ የተለየ ሕግ ይሰጠዋል፤ ተጫዋቾቹ ግን ይህን አያውቁም። ማውራት ክልክል ነው። ጉዱ የሚፈላው ያሸነፈው ጠረጴዛ ሲቀይር ነው።

ከሌላ ጠረጴዛ የመጣች አንዷ ልጅ አስ (A የተጻፈበትን ካርታ) ጥላ፣ በሙሉ ልብ ካርታዎቹን ሰበሰበች። ፊት ለፊቷ ያለው ልጅ እጇን ያዝ አድርጎ ወደ ራሱ ሳባቸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስ ትንሹ ካርታ ነበር። ሁለቱም "አጭበረበረኝ" ብለው ተኮራረፉ።

"ጨዋታው ራሱ ያስተምራል" ባላችሁት ግን አልስማማም። ሳይወያዩ ቢወጡ ኩርፊያውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ስናወራ አንድ ተማሪ የባቲን የሰኞ ገበያ አነሳ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው እዚያ ይገበያያሉ። ያልገባው ይጠይቃል፤ ካቃተውም ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ይጠራል። እኛ ክፍል ውስጥ የተከለከለው ይሄው መጠየቅ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ነው ነገሩ የገባቸው።

ስለዚህ መምህራን፣ እባካችሁ ሰዓት ካጠራችሁ ጨዋታውን አሳጥሩ እንጂ ውይይቱን አትዝለሉት።