ዳዊቱ ሰኞ ላይ ቆሟል

ጎንደር ውስጥ የሰው ቤት ገብታችሁ ከአልጋ ራስጌ ያለውን ዳዊት አንሡና ጠርዙን እዩት። ባለቤቱን መጠየቅ አያስፈልግም፣ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። የፊት የፊቱ ገጽ በጣት ወዝ ጠቁሯል፣ ጫፉ ተጠቅልሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፣ የሰኞ ድርሻ ደግሞ ከ1 እስከ 30 ነው። ሰኞ ሁላችንም ጻድቅ ነን። ማክሰኞ ስብሰባ ይኖራል። ረቡዕ ለቅሶ ይመጣል። ዓርብንማ ተዉት፣ መዝሙር 118 ያለው እዚያ ነው፤ 176 ቁጥር፣ ያውም በጾም አንጀት! ስለዚህ ቅዳሜና እሑድን እንደምንም እናልፍና ሰኞ በአዲስ ወኔ ከ1 እንጀምራለን። ብዙዎቻችን «ብፁዕ ብእሲ»ን በቃላችን የያዝነው በትምህርት ሳይሆን በመጀመር ብዛት ነው።

የንስሐ አባት ቤት ሲመጡም ያው ነው።

«ልጄ፣ ዳዊቱ እንዴት ሆነ?»

«ጀምሬያለሁ አባቴ።»

ዓመቱን ሙሉ ይኸው ነው መልሱ። ውሸት ደግሞ የለበትም።

የሚገርመኝ ይህ የሚሆነው ጎንደር ላይ መሆኑ ነው። ሊቃውንቱ በመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብለው ለሁለት የተለዩበት አገር እኮ ነው! አንዲት ጥቅስ ይይዙና «አንድም» እያሉ ሦስት አራት መንገድ ያወጡላታል። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጋር ተጣልቶ፣ የለመነውን በልቶ ቀለሙን ያጠናል። እኛ ጎረቤቶቹ ከዚህ ሁሉ የወረስነው «አንድም»ን ብቻ ነው፤ እሷንም ላለማንበብ። ለምን አላነበብክም? መብራት ጠፍቶ ነው። አንድም መነጽሬ ተሰብሮ ነው። አንድም ልጆቹ እየረበሹኝ ነው። አንድም በጥሞና ካልሆነ ማንበቡ ድፍረት ይሆናል ብዬ ነው። የመጨረሻዋ በጣም ትመቸኛለች። ስንፍና ነጠላዋን አጣፍታ ትሕትና መስላ የምትመጣው በእሷ በኩል ነው።

መግዛት ላይ ግን ማንም አይቀድመንም። ጥምቀት ደርሶ ከተማው ሲጨናነቅ፣ ወይም ኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ሲሆን፣ በር ላይ በላስቲክ ተዘርግቶ የሚሸጠውን መጽሐፍ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ድርሳኑ፣ ገድሉ፣ መልክኡ፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት። የትዕግሥቱን ለመግዛት በ20 ብር ከሻጩ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው አይቻለሁ። ቤት ሲደርስ መጽሐፉ ይሳማል፣ ግንባር ይነካበታል፣ ከዚያ ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን ይቀመጣል፣ አለቀ። ድርሳነ ሚካኤል ደግሞ ዕጣ ፈንታው ባጃጅ ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ይገባል። ሹፌሩ ገልጦት አያውቅም፣ ግን መልአኩ አለ ብሎ ነው ከፒያሳ ወደ አዘዞ እንደዚያ የሚበረው። ተሳፋሪው ነው እንግዲህ መንገዱን ሙሉ የሚጸልየው።

ቴሌግራም ሲመጣማ ተገላገልን። ጠዋት የዕለቱ ስንክሳር ይላካል፣ አንድ መስመር ሳይነበብ «አሜን» ይጻፍበታል፣ ለ10 ሰው ይተላለፋል። አሥሩም «አሜን» ይላሉ። ማን እንዳነበበው እግዜር ይወቅ።

አትፍረዱ፣ የሚያነቡም አሉ። ግን ለሰው ነው የሚያነቡት። አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ፣ እትዬ እንበላቸው። መነጽራቸውን ሰክተው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ነው የሚያነቡት። ስለ ስካር የሚል ሲመጣ ያሰምሩና ገጹን አጥፈው ጋሼ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ይተዉታል። ጋሼ ደግሞ ዝም ብለው አንስተው ከቡፌው ላይ ይመልሱታል፣ ይህ ሲሆን ዘመን አልፎታል። ስለ ስስት የሚለው የምራታቸው ነው። ስለ ትዕቢት የሚለው ሁለቴ ተሰምሮበታል፤ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ሲያልቅ ለእሳቸው የተረፈች አንዲት መስመር የለችም።

ያነበቡትንም አይሰስቱም፣ ቡና ላይ ያካፍላሉ። በተለይ ስለ ሐሜት ያነበቡትን። ሐሜትን ያለ ምሳሌ ማስረዳት ስለማይቻል ምሳሌ ያመጣሉ፣ ምሳሌዎቹም ስም አላቸው፣ አንዳንዶቹም የቤት ቁጥር። አቦሉ በማስተዋወቅ ያልቃል፣ ቶናው ላይ ይሞቃል፣ በረካው ላይ ሲደረስ መንደሩ ተተርጉሞ አልቋል፤ ላይ ቤቱም ታች ቤቱም።

ሰሞኑን እኔንም ጠርተው አንዱን መጽሐፍ አዋሱኝ። «እንካ ልጄ፣ ይጠቅምሃል» አሉ። ይጠቅምሃል ሲሉ አስተያየታቸው አላማረኝም። ቤት ገብቼ አላነበብኩትም፣ ገጽ በገጽ እያገላበጥኩ የእኔን መስመር ፈለግሁ እንጂ። የስካሩን አለፍኩ። የስስቱንም። ስለ ስንፍና የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቀዩ ወፈር ብሎ ተሰምሮበታል፣ ዳሩ ላይም ኮከብ አለበት።

የታናሽ ወንድሜ መሆን አለበት። ነገ እወስድለታለሁ።