የቺናማስታ ሥዕል፦ የተቀላው አንገት የማን ነው?

ስለ ሂንዱዋ አምላክ ቺናማስታ «ሰው አርዳ ደሙን የምትጠጣ ጋኔን ናት» የሚለው አስተያየት እየተደጋገመ ስለሆነ ላርመው። ቺናማስታ አሥሩ ማሃቪድያዎች ከሚባሉት የታንትራ (በሂንዱ ሃይማኖት ውስጥ ያለ ምሥጢራዊ የአምልኮ ሥርዓት) እንስት አማልክት አንዷ ናት፤ የቀላችውም የራሷን አንገት ነው። ሥዕሉን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። በአንድ እጇ ሰይፍ፣ በሌላው የገዛ ጭንቅላቷን ይዛለች፤ ከትከሻዋ በላይ ራስ የለም። ከአንገቷ ደም በሦስት መስመር ይፈልቃል፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ለቆሙት ተከታዮቿ፣ አንዱ ለራሷ አፍ። በአፈ ታሪኩ የተራቡ አገልጋዮቿን የመገበችው እንዲህ ነው። ከእግሯ ሥር የተኙት ጥንዶች የፍቅርና የፍትወት አምላኩ ካማ እና ሚስቱ ራቲ ናቸው፤ ብዙዎች ይህን ፍትወትን የመግዛት ምልክት አድርገው ይተረጉሙታል። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት፣ ራጅራፓ በሚገኘው መቅደሷ ፍየል ይሠዋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሥዕሉን ይዞ ምእመናኑን በሰው ግድያ መወንጀል ግን ስም ማጥፋት ነው።