ከጭብጨባው በኋላ ማን ያበላቸዋል?

ሰሞኑን እዚህ አዲስ አበባ በተካሄደ የፀረ ሙስና ውይይት ላይ አንድ ባለሥልጣን የተናገሩት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ሙስና የሚያጋልጡ ሠራተኞችን ማን ይጠብቃቸዋል ተብለው ሲጠየቁ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማቶች መበራከታቸውን ጠቀሱና ዕውቅናው ራሱ ጋሻ ነው፣ ዓለም ያወቀውን ሰው የሚነካው የለም ብለው አረፉት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

የትኛው ጋሻ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ከየአገሩ 12 የፀረ ሙስና ታጋዮችን መርጦ ሸለመ። አንዱ የጓቲማላው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሁዋን ፍራንሲስኮ ሳንዶቫል ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አለቃው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሥራ አባረሩት፤ ወዲያውኑ ድንበር አቋርጦ ተሰደደ። ሌላው የኪርጊስታን ጋዜጠኛ ቦሎት ቴሚሮቭ ነው። በ2022 ዜግነቱን ነጥቀው ወደ ሩሲያ ጫኑት። የዋሽንግተን ዕውቅና ይህን ካላስቀረ የማን ዕውቅና ሊያስቀር ነው? ለማልታዋ ጋዜጠኛ ለዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያም የዓለም አቀፉ የፀረ ሙስና ድርጅት የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ሽልማት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ መኪናዋ ላይ በተጠመደ ፈንጂ ከተገደለች ከአንድ ዓመት በኋላ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የጎረቤታችን የኬንያው ዴቪድ ሙንያኬይ ነው። ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፣ ጋዜጠኛም አልነበረም፤ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ተራ ጸሐፊ ነበር። ጎልደንበርግ የሚባለው ኩባንያ ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ ልኬያለሁ እያለ ከመንግሥት የማበረታቻ ክፍያ ይሰበስብ ነበር። አልማዝ፣ ከኬንያ! አልማዝ የማታወጣ አገር አልማዝ ልትልክ እንደማትችል ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሙንያኬይ በላይ ፊርማ የነበራቸው ሰዎች አያውቁም ነበር ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። ያውቁ ነበር፤ ዝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሰነዶቹን አውጥቶ ለተቃዋሚ የፓርላማ አባላት ያደረሰው ያ ወጣት ጸሐፊ ነው። ታሰረ፣ የመንግሥት ምስጢር አወጣህ ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ ቢቀርለትም እንጀራው አልተመለሰለትም። ዓመታት አለፉ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ እሱም ቀርቦ መሰከረ። አሁንም ሥራው አልተመለሰለትም። በ2004 የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የኬንያ ቅርንጫፍ ሸለመው። በ2006 በችግር እንደተቆራመደ ሞተ።

እነዚያን ሁለት ዓመታት አስቧቸው። የሸለሙት፣ ያጨበጨቡለት፣ ፎቶ ያነሱት ሁሉ በማግሥቱ ወደየሥራቸው ገቡ፤ የሚገባበት ሥራ ያልነበረው እሱ ብቻ ነው። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው የቀድሞ ጠረጴዛውና የወር ደመወዙ ነበር። ይህን መመለስ የሚችል መንግሥት ሳይመልስለት ቀረ፣ ሽልማቱም አላስመለሰለትም። በኳታሩ አሚር ስም የሚሰጠው የፀረ ሙስና ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2019 ኪጋሊ ላይ ሲከበር ግዙፍ የእጅ መዳፍ ሐውልት ቆሞለታል። የዚያ ሐውልት ወጪ ለስንት ሥራ ፈት ጠቋሚ ደመወዝ ይሆን ነበር?

ሽልማት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የታሰረን አባት ስም ለልጆቹ ያጠራላቸዋል፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ ቋንቋማ መረጃ የሚሰጥ ሰው ስሙ ጆሮ ጠቢ ነው፣ አሳባቂ ነው፤ የሰፈር ሰላይና የሕዝብን ገንዘብ ያዳነ ሠራተኛ በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህን ስድብ የሚያነሳ ማንኛውም ክብር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስምና ጥበቃ ለየቅል ናቸው፣ ባለሥልጣኑም ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም። ሕጉ በእጃቸው ነውና።

የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በወረቀት ላይ ብዙ ይሰጣል፤ ማንነትን መደበቅም፣ መኖሪያ መቀየርም በውስጡ አሉ። ጥበቃው የሚሠራው ግን ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። እስቲ አንድ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ አስቡ። የተጭበረበረ የግዥ ሰነድ እጁ ገብቷል። ዐቃቤ ሕግ ገና በየትኛው አንቀጽ እንደሚከስ ሳይወስን፣ ወንጀሉ ስምንት ዓመት ያስቀጣ አሥራ ሁለት ይህ ሰው በምን ያውቃል? የልጆቹን ጉሮሮ በግምት እንዲያስይዝ ነው የምንጠይቀው። ይህን አጥር አቁሞ ስለ ጋሻ ማውራት ጠቋሚውን ማታለል ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ በሚቀጥለው መድረክ ላይ ስለ ሽልማት ሳይሆን ስለ አዋጁ ይንገሩን። የአሥር ዓመቱ አጥር ይነሳ። ጥቆማ ሰጥቶ የታገደ ሠራተኛ ከታገደበት ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለው፤ ወጪውም ከተመዘበረው ተመላሽ ገንዘብ ላይ ይሸፈን።